ኤሊዋን ሀዋሳ ሐይቅ ብንለቃትስ?

ጥያቄ፦ "የምኖረው ሀዋሳ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ለልጄ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ኤሊ ይዛለት መጣች። ያኔ መዳፍ ላይ የምትጠፋ ነበረች። አሁን ከምሳ ሳህን ልትስተካከል ነው። የምናስቀምጣት በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነው። ውሃው በሁለት ቀን ይሸታል፣ እሷም ሌሊት ሳፋውን ስትቧጥር አታስተኛንም። ልጄ 'ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ወስደን እንልቀቃት፣ ነፃ ትውጣ' ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ሐይቁ ዳር መዝናኛ ያለው ወዳጁ ኩሬ ስላለው እዚያ እናስቀምጣት፣ ከዚያ የትም አትሄድም ይላል። አንዲት ኤሊ ምን ታመጣለች? ደግሞስ ኤሊ የት ትሄዳለች?"

መልስ፦

ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርዎት። ሐይቁ ጭራሽ አይሆንም። ኩሬውም ግድግዳው ሳይታይ አይሆንም። ልጅዎ ግን "ለምን?" ማለቱ አይቀርም። "ዝም በል" ተብሎ የሚታለፍ ጥያቄም አይደለም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ የኤሊዋን ማንነት እናጣራ። በቀን ብርሃን አንገቷን አውጥታ ሳለች ከጎን ይመልከቷት። ከዓይኗ ኋላ ወፈር ያለ ቀይ መስመር ካለ ቀይ ጆሮ የምትባለዋ ኤሊ ናት። አንገቷና እግሮቿ ላይ ቢጫ ሰረዞች ይኖራሉ። የሆዷ ቅርፊት ቢጫ ሆኖ ጥቁር ጥቁር ምልክት አለበት። ዕድሜ ሲገፋ ቀዩ ይደበዝዛል። ያረጁ ወንዶችማ መላ ሰውነታቸው ስለሚጠቁር በቀለም መለየት ያስቸግራል።

ያን ጊዜ አንገቷን ይዩ። ስትደነግጥ ጭንቅላቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ትስባለች። ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው የሀገራችን የውሃ ኤሊዎች እንዲህ አያደርጉም። ፔሎሜዱሳ የሚባሉት ለምሳሌ አንገታቸውን ወደ ጎን አጥፈው ከቅርፊቱ ጠርዝ ስር ይሸጉጡታል። መልካቸውም ግራጫ ወይም ቡናማ ነው፤ ቀይ መስመር የሚባል ነገር የላቸውም። ኩሬ ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ዝናብ ይጠብቃሉ። (ሜዳ ላይ ሣር የሚበሉትን የየብስ ኤሊዎች ከዚህ ወሬ ያውጧቸው። እነሱ ውሃ ውስጥ ቢጣሉ ይሰጥማሉ። "ኤሊ ሁሉ ዋና ይችላል" ብሎ ወንዝ የሚጨምር ሰው ስላለ ነው የማነሳው።)

የእርስዎ ኤሊ የትውልድ ሀገር አሜሪካ ነው። የሚሲሲፒ ወንዝና ገባሮቹ፣ ወደ ደቡብም እስከ ሰሜን ሜክሲኮ ድረስ። ሉዊዚያና በሚባለው ግዛት ለሽያጭ የሚያራቧት ድርጅቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ 52 ሚሊዮን የሚጠጉ ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም ተልከዋል። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። አሜሪካ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎችን ሀገር ውስጥ መሸጥ ከልክላለች። ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ሳልሞኔላ በሚባል ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ጀርም ይታመሙ ነበርና። ወደ ውጭ መላኩ ግን ቀጠለ። ለራሳቸው ልጆች ያልፈቀዱትን ለሌላ ሀገር ልጆች ሸጡ።

ስትፈለፈል ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ያን ጊዜ ያላማረችው የለም። ሴቷ ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ታድጋለች፤ አንዳንዷ 30 ትደርሳለች። ዕድሜዋም ከ20 እስከ 30 ዓመት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ነው። የሸጠው ሰው ይህን ለእህትዎ ልጅ አልነገራትም። ቢነግራት አትገዛማ!

እንግዲህ "ኤሊ የት ትሄዳለች?" ላሉት የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ ሰው የወሰዳት ቦታ ሁሉ። ዛሬ ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉር ትገኛለች። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 እጅግ አስከፊ ወራሪ መጤ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥም ገብታለች። ይህን ሁሉ ሀገር ያዳረሰችው በጓዝ፣ በካርቶንና በላስቲክ ከረጢት ነው። የመጨረሻዋን እርምጃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስረግጣት እንደ ልጅዎ አንጀቱ የራራ ሰው ነው። ሳፋው ጠበበ፣ ውሃው ሸተተ፣ ልጁ አደገ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ወንዝ ዳር ተወሰደች። ፓሪስም ቶኪዮም ያው ነው። በምሥራቅ እስያ ደግሞ ለጽድቅ ሲባል ከገበያ ገዝቶ መልቀቅ የቆየ ልማድ ስለሆነ የቤተ መቅደስ ኩሬዎች በእሷ ተሞልተዋል።

መንግሥታትም ዘግይተው ነው የነቁት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1997 ማስገባቷን ከለከለ። ነጋዴዎቹ ምን አደረጉ? ቀይ ጆሮዋን ትተው የቅርብ ዘመዷን፣ ቢጫ ሆዷን ኤሊ ማስገባት ጀመሩ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 ሙሉ ዝርያው ከነዘመድ አዝማዱ ተከለከለ። እኔ የምወደው የጃፓንን ውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ጀምሮ መሸጥም መልቀቅም ክልክል ሆነ፤ ቤት ያለችውን ማሳደግ ግን ተፈቀደ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ቢከለከል ሰው ቅጣት ፈርቶ በየወንዙ ሊያራግፋት እንደሚችል ገብቷቸዋል።

አሁን ወደ እግሯ እንምጣ። ባለቤትዎ "የትም አትሄድም" ያሉት ነገር ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ሳቫና ወንዝ አጠገብ፣ ዊት ጊበንስ የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቢጫ ሆዷን ኤሊ እንቅስቃሴ ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። ዘዴው ቀላል ነው። ኩሬውን ዙሪያውን በአጭር የቆርቆሮ አጥር ይከቡታል። ከአጥሩ ግራና ቀኝ ባልዲ ከመሬት እኩል አድርገው ይቀብራሉ። ከውሃ የወጣችም ልትገባ የመጣችም ኤሊ አጥሩ ያግዳታል፤ ጥጉን ይዛ ስትሄድ ባልዲው ውስጥ ዘፍ ትላለች። ጠዋት ያወጧታል፣ ይለኳታል፣ የቅርፊቷን ጠርዝ በሞረድ ነካ ነካ አድርገው መለያ ይሰጧታል፣ ወደምትሄድበት አሻግረው ይለቋታል። ያ ምልክት ዕድሜዋን ሙሉ አይጠፋም። ከዓመታት በኋላ ሌላ ኩሬ ውስጥ ስትያዝ ከየት እንደመጣች ይታወቃል ማለት ነው።

ያዩት ነገር ኤሊ ዝም ብላ የምትቀመጥ አለመሆኗን ነው። ወንዶቹ ሴት ፍለጋ ከኩሬ ኩሬ ይዞራሉ፣ በየብስ ላይ ከኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ሴቶቹ እንቁላል ለመጣል ይወጣሉ፣ ደረቅና ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይፈልጋሉ፣ ጥለው ይመለሳሉ። የተፈለፈሉት ትንንሾች ውሃ ፍለጋ መሬት ለመሬት ይጓዛሉ። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ኩሬው ሳይደርቅባቸው ብዙዎቹ ነቅለው ይወጣሉ። ትልቁ ጉዞ የሚታየው ያኔ ነው።

እንቁላል አጣጣሏን ያየ ሰው አይረሳውም። በኋላ እግሮቿ ብቻ ነው የምትቆፍረው፤ ዞራ አታይም። አፈሩ ከጠነከረባት ከፊኛዋ ውሃ እያፈሰሰች ታርሰዋለች። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ታወርዳለች፣ በኋላ እግሯ ታስተካክላለች፣ በጭቃ ትደፍነዋለች፣ በሆዷ እየተጫነች ትደለድለዋለች። ስትጨርስ እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር መኖሩን ሰው አያውቅም። በአንድ ጊዜ ከጥቂት እስከ 20 ገደማ እንቁላል ትጥላለች፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይም ልትደግም ትችላለች።

ይህን ሀዋሳ ላይ እናምጣው። የመዝናኛው ኩሬ ከሐይቁ ምን ያህል ይርቃል? ኪሎ ሜትር የምትሄድ እንስሳ የሐይቅ ዳር ግቢ ማቋረጥ አያቅታትም። ክረምት ሲገባ፣ መንገዱ ጎርፍ ሲሆን፣ ቦዩ ሁሉ ሲሞላ ደግሞ እግሯንም አትፈልግም። ባለቤትዎ አይቀየሙኝና ያ ኩሬ ለእሷ ማረፊያ ጣቢያ ነው።

ከሐይቁስ ወዴት? ሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ይህ አንድ መልካም ዜና ነው፤ ወንዝ ተከትላ ወደ ሌላ ሐይቅ አትወርድም። መግቢያ ግን አለው፦ ጥቁር ውሃ። ጥቁር ውሃን ተከትለው ወደ ላይ ከሄዱ ጨለለቃ ረግረግ ይገባሉ። ጨለለቃ ድሮ ራሱን የቻለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ረግረግ ሆኗል። ቀይ ጆሮ ኤሊ ቦታ ምረጪ ብትባል የምትመርጠው እንዲህ ያለውን ነው። ዝግ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ጭቃ፣ ብዙ የውሃ ተክል፣ ፀሐይ የምትሞቅበት ግንድ። የሐይቁ ዳርቻም ፊላው ባለበት በኩል ከዚህ ብዙ አይለይም። ረግረግ ውስጥ የገባችን ኤሊ ማን ያገኛታል? እኔ አላገኛትም።

"እሺ ትሂድ፤ አንዲት ኤሊ ምን ታመጣለች?" ወደሚለው ልመለስ። በሐቀኝነት ልናገር፦ የሐይቁን ዓሣ፣ ቆሮሶውን፣ አትጨርሰውም። ጤነኛ ዓሣ አሳዳ ለመያዝ ፈጣን አይደለችም። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ ዓሣ የሚበሉበት ቀን በእሷ ምክንያት አይቀርም። አስፈራርቶ የሚያሳምን ሰው ስለማልወድ ነው ይህን የምለው። ጉዳቷ ሌላ ቦታ ነው።

ብቻዋን አትራባም፣ ልክ ነዎት። ወንድ ካላገኘች የምትጥለው እንቁላል መና ነው። ነገር ግን ሀዋሳ ውስጥ ዱባይ ዘመድ ያለው የእርስዎ ቤት ብቻ ነው? እርስዎ ሴቷን ይለቃሉ፣ ሁለት ሰፈር አልፎ ያለ ሰው ወንዱን ይለቃል፣ ሁለታችሁም "አንድ ብቻ ናት" ትላላችሁ። የትም ሀገር የተጀመረው እንዲህ ነው። እነሱ ደግሞ የሚጠብቁበት ጊዜ ሞልቷቸዋል። (በነገራችን ላይ የእርስዎ ሴት መሆኗን ያጣሩ። የፊት ጥፍሮቹ በጣም የረዘሙ፣ ጅራቱም ወፍራምና ረዥም ከሆነ ወንድ ነው። ልጅዎ ስም ያወጣላት ከሆነ ይህን ቀስ ብለው ይንገሩት።)

አየሩም አይከለክላቸውም። ሀገሯ ላይ ክረምቱን ከበረዶ በታች ጭቃ ውስጥ የምታሳልፍ እንስሳ ናት። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ውርጭ የማያሰጋት ከተማ ናት። ከእንቁላሎቹ የሚፈለፈሉት ፆታ የሚወሰነው በተቀበሩበት አፈር ሙቀት ነው። ከ29 ዲግሪ አካባቢ በላይ ሲሆን አብዛኞቹ ሴት ይሆናሉ፣ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ወንድ። ስለዚህ ፀሐይ የሚመታው ገላጣ አሸዋ ሴት ያፈራል፣ ጥላው ወንድ ያፈራል። የሐይቁ ዳር ሁለቱም አለው።

"አባ ኮዳው (ሐይቁ ዳር የሚቆመው ትልቁ ወፍ) ይበላቸዋል" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ትንንሾቹን አዎ። አባ ኮዳ፣ አምባዛ፣ አርጃኖ፣ ውሻ፣ ሁሉም ይቀምሳቸዋል። የሳህን ያህል ቅርፊት የያዘችን ግን አባ ኮዳ ምን ያደርጋታል? እርስዎ ደግሞ ሊለቁ ያሰቡት አደገኛውን ዘመን አልፋ፣ በሳፋ ውስጥ ተጠብቃ ያደገችውን ነው። ሃያ ዓመት እንቁላል ከምትጥል ኤሊ ልጆች ውስጥ ጥቂት ቢተርፉ ይበቃታል።

ዋናው ተጎጂ ያገሬው ኤሊ ነው። ኤሊ የራሷ ሙቀት የላትም፣ ፀሐይ ካልሞቀች የበላችው አይፈጭም፣ እንቁላሏም በወጉ አያድግም። ስለዚህ ጥሩ ድንጋይና ጥሩ ግንድ ለኤሊ ከምግብ እኩል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ተመራማሪዎች የአውሮፓን የኩሬ ኤሊና ቀይ ጆሮዋን አንድ ኩሬ ውስጥ አድርገው አዩ። ጥሩ ጥሩውን የፀሐይ ቦታ ቀይ ጆሮዋ ያዘች፣ ያገሬዋ ወደ ዳር ተገፋች። በሌላ ሙከራ አብረው የኖሩት ያገሬ ኤሊዎች ክብደታቸው ቀነሰ፣ የሞቱትም ብቻቸውን ከነበሩት በለጡ። ድብድብ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ቦታ መያዝ ብቻ።

የምትበላው ደግሞ ያገኘችውን ነው። ልጅ ሳለች ሥጋ ታበዛለች፦ የውሃ ነፍሳት፣ ቀንድ አውጣ፣ የእንቁራሪት ልጆች። ስታድግ ወደ ቅጠላ ቅጠሉ ታደላለች። ሥጋው ቢጠፋ ተክል አለ፣ ተክሉ ቢጠፋ የሞተ ዓሣ አለ። በዚህ ላይ ከሱቅ፣ ከሳፋና ከብዙ እጅ ይዛ የመጣችው ጥገኛ ትልና ጀርም አለ። የኛዎቹ ኤሊዎች እነዚህን ከዚህ በፊት አያውቋቸውም።

ከገባች በኋላ ማውጣቱስ? ስፔን ቫሌንሲያ አካባቢ ለዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ተለቅመዋል። ፀሐይ ልትሞቅ የምትወጣበት ተንሳፋፊ መደብ መሃሉ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃታል። አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ውስጥ እንቁላል የቀበረችበትን ጉድጓድ በማሽተት የሚያገኙ ውሾች እስከማሰልጠን ተደርሷል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። እምቦጭም ወደ ብዙ ሀገር የገባው አበባው አምሮ ነው። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ያስወጣውን ጉልበትና ገንዘብ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል።

እና ምን ያድርጉ?

ሳፋውን ይቀይሩ። ቧጥራ የምታስቸግራችሁ ስለጠበባት ነው። ሮቶ የሚሠሩት ሰዎች ጋ ወይም የቆየ እቃ ከሚሸጥበት ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ገንዳ ይፈልጉ። ያገለገለ መታጠቢያ ገንዳም ይሆናል። ውሃው ቢያንስ ቅርፊቷን ደፍኖ የምትዋኝበት ይሁን። ሙሉ በሙሉ ወጥታ የምትደርቅበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ያድርጉላት። በየቀኑ ቀጥታ ፀሐይ ታግኝ፤ በመስኮት መስታወት የሚገባው አይቆጠርም። ግማሹ ግን ጥላ ይሁን፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ውሃውን አፍልቶ ሊገድላት ይችላል።

ምግቧ ላይ እንጀራና ዳቦ ያቁሙ። ሽታው ግማሹ ከዚያ ነው፤ ሳፋ ውስጥ የተበተነ እንጀራ ምን እንደሚሆን እርስዎ ያውቁታል። ሰላጣና ሌላ ቅጠላ ቅጠል በብዛት፣ የዓሣ ቁራጭና የመሬት ትል አልፎ አልፎ። አዋቂ ኤሊ ሥጋ በየቀኑ አያስፈልጋትም። ከተቻለ በሌላ ዕቃ ውስጥ አብሏት፣ ከዚያ ወደ ገንዳዋ ይመልሷት። ያኔ ውሃው ብዙ ይቆያል።

ልጅዎ ከነካት በኋላ በሳሙና ይታጠብ። መሳም ይቅር። ውሃውን የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አይድፉ፤ ቤት ውስጥ ጨቅላ ወይም የታመመ ሰው ካለማ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች።

ጨርሶ ማሳደግ ካልቻሉ ወደ ሐይቁ ከመሄድዎ በፊት ስልክ ይደውሉ። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ለማስተማሪያ ሊፈልጋት ይችላል፤ ይጠይቁ። የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተውን የመንግሥት ቢሮም ያናግሩ። ማንም የማይቀበላት ከሆነና እርስዎም ካቃተዎት፣ የእንስሳት ሐኪም ያለሥቃይ ሊያሳርፋት ይችላል። ይህን ለልጅ መንገር ከባድ ነው፣ ግን አማራጭ መሆኑን መደበቅ አልፈልግም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት የሚባለውን ምክር አይስሙ፤ ሥቃይ ነው።

የባለቤትዎን ወዳጅ ኩሬ በተመለከተ፣ ሰውዬው ፈቃደኛ ከሆነ የማይሆን ነገር አይደለም። ግን ሦስት ነገር ይጠይቁት። ግድግዳው ዙሪያውን ሙሉ ነው ወይ? የተወለወለ ሲሚንቶ ሆኖ ከጉልበት ከፍ ያለ፣ ከላይ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ከንፈር ያለው ይሁን። ሽቦ አጥር አይሆንም፤ ጥፍሯን እያስገባች እንደ መሰላል ትወጣዋለች። ማፍሰሻ ቱቦው ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ሐይቁ ከሆነ ጠንካራ ወንፊት ይግባበት፣ ክረምት ሲሞላም ውሃው በግድግዳው ላይ እንዳይፈስ። ሦስተኛው፣ ሌላ ኤሊ አለው ወይ? ካለ ወንድ ይሁን ሴት ይጣራ። ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ካለው ይውሰዳት። ከሌለው ሲሚንቶው እስኪደርቅ እርስዎ ዘንድ ትቆይ።

ለእህትዎ ልጅም ይደውሉላት። በሚቀጥለው ስትመጣ ጓደኛ ልታመጣላት አስባ ይሆናል።